የጓዳቸውን በር ነቅለው ያመጡት ፈታሽ

የእትዬ የሻረግን ሞት የነገረችኝ የሞጣ ጎረቤታቸው ናት። ስልኩን ሳነሳ ሰላምታም ሳትሰጠኝ፣ «እትዬ የሻረግ ትናንት ማታ አረፉ፤ ቀብሩ ዛሬ በስድስት ሰዓት ነው» አለችኝና መስመሩ ተቋረጠ። መልሼ አልደወልኩም። ጥቁር ነጠላዬን ከሳጥን አውጥቼ ለበስኩና አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። እንባዬ አልመጣም። ሰውነቴ ብቻ ረጅም መንገድ በእግሩ የሄደ ይመስል ዛለ።

ቀብር ላይ አንድ የማላውቀው ሰው ጎኑ ያለውን፣ «የሞቱት ማን ናቸው?» ብሎ ሲጠይቅ ሰማሁ። «ፈታሽዋ ናቸዋ!» አለው። ሰውየው ወዲያው ገባው። በብቸናም በሞጣም እትዬ የሻረግ የሚታወቁት በዚህ ስም ነበር። የአባታቸውን ስም የሚያውቅ ከመቶ አንድ ሰው አይገኝም። እኔ ግን አብሬያቸው የሠራሁ ሰው ስለሆንኩ፣ ያ ስም ምን ያህል እንደከበዳቸው አውቃለሁ። ይህን የምጽፈውም ለዚያ ነው።

ስንተዋወቅ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ወድቄ ቤት የተቀመጥኩ ልጅ ነበርኩ። ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመታት አልፈዋል። ብቸና ውስጥ ብዙ ባለጉዳይ የሚመላለስበት አንድ መሥሪያ ቤት ሁለተኛ ሴት ፈታሽ ይፈልግ ነበርና ቀጠረኝ። የመሥሪያ ቤቱን ስም አልጠራም፤ ዛሬም እንጀራ የሚበሉበት ሰዎች አሉ። በመሬትና በደም የተጣሉ ሰዎች አንድ ግቢ ውስጥ ስለሚገናኙ ያለ ፍተሻ የሚገባ አልነበረም። ወንዶቹን በር ላይ ዘበኞች ይፈትሻሉ። ለሴቶቹ ከቆርቆሮ የተሠራች፣ አንድ አግዳሚ ወንበርና አንድ መጋረጃ ያላት ክፍል ነበረች። እትዬ የሻረግ እዚያች ክፍል ውስጥ ከእኔ በፊት አንድ ዓመት ብቻቸውን ሠርተዋል።

ረጅም፣ ቀጭን፣ ትከሻቸው ትንሽ ወደ ፊት ያዘነበለ ሴት ነበሩ። ባላቸው ከሞተ ጀምሮ ጥቁር ሻሽ ከራሳቸው አይወርድም። ትውልዳቸው መርጡለ ማርያም ነው፤ አባታቸው ቅኔ ያስተምሩ ስለነበር ንግግራቸው ውስጥ ሳይታሰብ አንዳንድ የግእዝ ቃል ጣል ያደርጋሉ። ልጅ አልነበራቸውም። ስለዚህ ነገር ብዙ አያወሩም።

በመጀመሪያው ቀን ሥራውን ቶሎ መማሬን ላሳያቸው ፈልጌ አንዲት ሴት ስትገባ ሳልናገር ነጠላዋን ገለጥ አደረግኩና ከብብቷ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ዳሰስኳት። በሁለት ደቂቃ ጨረስኩ። ሴትየዋ ወጣች። እትዬ የሻረግ ክንዴን ይዘው ወደ ጥግ ወሰዱኝ።

«ስንዱ፣ ዶሮ አይደለም የምንገዛው» አሉኝ።

«ምን አጠፋሁ እትዬ?»

«ምንም አላጠፋሽ። ግን ሴትየዋ ስትወጣ ፊቷን አይተሻል?»

አላየሁም ነበር። ከዚያ ቀጥሎ የገባችውን ራሳቸው ፈተሿት። መጀመሪያ እጃቸውን አሹ። የብቸና ጠዋት ብርዱ ይታወቃል፤ የእጃቸው ቅዝቃዜ እስኪለቅ ድረስ አሹት። «ይቅርታ እህቴ» አሉ። ሲዳስሱ ዓይናቸው ከሴትየዋ ትከሻ በላይ አልፎ ቆርቆሮው ላይ ተተክሎ ነበር። መቀነቷ ውስጥ ክታብ አገኙ፤ እንዳላገኙ ሆነው አለፉት። ሲጨርሱ ነጠላዋን ራሳቸው አስተካክለው አለበሷት።

«እኛ የሰው ምሥጢር እጃችን ላይ ይወድቃል» አሉኝ ሴትየዋ ከወጣች በኋላ። «ባሏ የደበደባት አለች፤ ሰው ሳያውቅ ያረገዘች አለች፤ የምታፍርበት ቁስል ያላት አለች። ከዚህ ክፍል ይዘሽው ከወጣሽ ሌባ ነሽ።»

እውነትም ከዚያች ክፍል አንዲት ቃል ይዘው ሲወጡ አላየሁም። ገበያ መሐል በእጃቸው ያለፉ ሴቶች ሲያጋጥሟቸው እንደማያውቋቸው ሆነው ነበር የሚያልፉት። ብዙ ሰው በዚህ ምክንያት ኩራተኛ ናቸው ይላቸው ነበር።

መጋረጃው ግን ያሳዝናቸው ነበር። ያረጀ የአቡጀዲ ጨርቅ ነው፤ ነፋስ በመጣ ቁጥር ይገለጣል። አንድ ቅዳሜ አንዲት ባልቴት ቀሚሳቸው ውስጥ ያሰሩትን ከረጢት ለማሳየት ቀሚሳቸውን ወደ ላይ ሰበሰቡ። በዚያው ቅጽበት መጋረጃው ተነሳ። ውጭ ከተሰለፉት ወንዶች መሐል አንዱ ሳቀ፤ ሌላውም ተከተለው። ባልቴቷ ቀሚሳቸውን ለቀው ዝም ብለው ቆሙ። ጉዳያቸውን ሳያስፈጽሙ ከግቢው ወጡ። ዳግመኛ አላየናቸውም።

እትዬ የሻረግ በር እንዲሠራላቸው ማመልከቻ ጻፉ። ኃላፊው በጀት የለም አሉ። እንደገና ጻፉ። «ለመጋረጃ የሚሆን ጨርቅ እንሰጥሻለን» ተባሉ። በሦስተኛው ሳምንት፣ በገበያ ቀን፣ እትዬ የሻረግ ከፊት፣ ሁለት ተሸካሚዎች አንድ የእንጨት በር ይዘው ከኋላ፣ በብቸና ዋና መንገድ ሲመጡ ታዩ። ገበያተኛው መንገድ ለቆ አሳለፋቸው። በሩ የገዛ ቤታቸው የጓዳ በር ነበር። ከነማጠፊያው ነቅለውታል። አንድ አናጺ እየሳቀ ገጠመላቸው።

«ጓዳዎ እንዴት ሊሆን ነው?» አልኳቸው።

«ጓዳዬን የሚያይብኝ ሰው የለም፤ ብቻዬን ነኝ» አሉ።

ወሬው ከተማውን አዳረሰ። የሚስቅባቸው ነበር፤ የሚያደንቃቸውም ነበር። ሴቶቹ ግን ገብተው በሩ ሲዘጋ ትከሻቸው ዝቅ ሲል እኔ አይቻለሁ።

የዚያን ጊዜ እትዬ የሻረግ ደስተኛ ነበሩ ማለት እችላለሁ። የሆነው ነገር የሆነው ከዚህ በኋላ ነው።

ታንጉት የምትባል ከጉንደ ወይን አካባቢ የመጣች ወጣት ሴት ነበረች። ሃያ ዓመት ቢሆናት ነው። ባሏ ልጁ የእኔ አይደለም ብሎ ክዷት ጉዳያቸው እኛ ዘንድ ይታይ ነበር። ሦስት ጊዜ ስትመላለስ አርግዛ አይተናታል። በአራተኛው ጊዜ ስትመጣ ወልዳለች፤ ሕፃኑን እናቷ ዘንድ ትታ ነው የመጣችው። ፊቷ አመድ መስሏል። እትዬ የሻረግ እጃቸውን አሽተው ከትከሻዋ ጀመሩ። ወገቧ ጋ ሲደርሱ ወደ ኋላ ሸሸች።

«እናቴ፣ በማርያም ይዤዎታለሁ፣ ከዚህ በታች አይንኩኝ። ከወለድኩ ሦስት ሳምንቴ ነው፤ ደሜ አልቆመም።»

እትዬ የሻረግ ፊቷን አዩ። እኔም አየሁ። ልጅቷ እያለቀሰች ነበር፤ ልቅሶዋም ውሸት አልነበረም። እጃቸውን መለሱ።

«ሂጂ ልጄ፣ እግዜር ይማርሽ» አሉና በሩን ከፈቱላት።

ግማሽ ሰዓት አልሞላም። ከግቢው መሐል ጩኸት ሰማን። ታንጉት ጭኗ ላይ አስራ ያስገባችውን ካራ አውጥታ ባሏን ትከሻውና አንገቱ መሐል ወግታዋለች። ስንደርስ ሰውየው ግድግዳ ተደግፎ ተቀምጧል፤ ደሙ በጣቶቹ መሐል ይወርዳል። ዘበኞቹ እርሷን መሬት ላይ አስተኝተው ይዘዋታል። ቀሚሷ ከኋላ በደም ርሷል፤ ያ ደም የባሏ አልነበረም። የነገረችን እውነት ነበር። ካራውም እውነት ነበር።

ሰውየው ተረፈ፤ ቀኝ እጁ ግን ከዚያ በኋላ ከትከሻው በላይ አልነሳ አለው። እርሷ ታሰረች።

ከሰዓት በኋላ ኃላፊው ሁለታችንንም አስጠሩን። ከቢሮው ደጃፍ ስንደርስ የእትዬ የሻረግን ነጠላ ጎተትኩ።

«እትዬ፣ ፈትሸናታል እንበል። ካራውን ግቢ ውስጥ ሌላ ሰው አቀብሏት ይሆናል እንበል።»

ዞረው አዩኝ። «ማን አቀበላት ልንል ነው? ስም ሲጠይቁን የማንን ስም እንሰጣለን?»

ተከትያቸው ገባሁ። እትዬ የሻረግ ቆመው፣ «ከወገቧ በታች አልፈተሽኳትም። ስንዱ አይታኝ ነበር፤ ትእዛዙ ግን የእኔ ነው» አሉ። ኃላፊው ለምን እንዳልፈተሿት ጠየቁ። «አሳዘነችኝ» አሉ። ሌላ ምክንያት አልጨመሩም። ማስጠንቀቂያ ተጻፈባቸው፤ ወሩ ሳያልቅ ወደ ሞጣ ተዛወሩ።

መናኸሪያ ድረስ ሸኘኋቸው። ሻንጣቸውን ጣራ ላይ ካስጫኑ በኋላ መስኮቱ ጋ ተቀምጠው፣ «ስንዱ» አሉኝ፣ «ለእርሷ አዘንኩ፤ ሐዘኔ ደግሞ የሰው ክንድ በላ። ከእንግዲህ ምን ይዤ እንደምሠራ አላውቅም።» መኪናው ሲነሳ እጃቸውን አላውለበለቡም።

እኔ ካገባሁ በኋላ ባለቤቴን ተከትዬ ወደ ሞጣ ስዛወር ጥቂት ዓመታት አልፈው ነበር። እትዬ የሻረግን አዲስ በብሎኬት በተሠራ የፍተሻ ክፍል ውስጥ አገኘኋቸው። ጠጉራቸው ነጥቷል። እጃቸውን አሁንም ያሻሉ፤ «ይቅርታ»ም ይላሉ። ግን አንድም ሰው አያልፋቸውም። መነኩሲት መጣች፣ ነፍሰ ጡር መጣች፣ ሕመምተኛ ከሐኪም ቤት በሰው ተደግፋ መጣች፣ ሁሉንም ከራስ እስከ እግር ይፈትሻሉ። ሴቶቹ ቢለምኗቸውም እጃቸው አይቆምም። ሥራ ስንጨርስ አግዳሚው ላይ ተቀምጠው መዳፋቸውን ጭናቸው ላይ ዘርግተው ለረጅም ጊዜ ያዩታል።

«ደከመዎት?» እላቸዋለሁ።

«ሰው መንካት ደከመኝ» ይሉኛል።

እንዲህ እያልን ዓመታት አለፉ። ኤርፖርት ላይ መንገደኛ የሚፈትሽ ማሽን መኖሩን መጀመሪያ የሰማነው ከወይዘሮ ዘይነባ ነው። ወይዘሮ ዘይነባ ሞጣ ውስጥ የታወቁ የጨርቅ ነጋዴ ናቸው፤ በሱቃቸው ጉዳይ ይመላለሱ ነበር። ውጭ አገር ያለችው ልጃቸው ጋ ደርሰው በተመለሱ ሰሞን ምሳ ሰዓት ላይ ቢሮው እስኪከፈት በር ላይ ፀሐይ እየሞቁ ያወሩን ጀመር።

«እናንተ በእጅ ትፈትሹናላችሁ» አሉ፤ «እዚያ እጅ የሚባል ነገር የለም። መስታወት ቤት ውስጥ አስገብተው እጅሽን ወደ ላይ አንሺ ይሉሻል። ማሽኑ ይዞርሽና ልብስሽን አልፎ ገላሽን ያያል። እኔ ሂጃቤን ከነጓዙ ለብሼ ገበያ መሐል ራቁቴን የቆምኩ መሰለኝ።»

ዘበኛው ቢተው ዱላውን ተደግፎ ይሰማ ነበር። «ታዲያ ምን ችግር አለው?» አለ። «አውሮፕላኑ ሰማይ ላይ ከሚፈነዳ ቢታዩ አይሻልም? የሚደብቀው የሌለው ሰው ምን ያሳፍረዋል?»

እትዬ የሻረግ ቀና አሉ። «ቢተው፣ አንተ የምትደብቀው አለህ?»

«እኔማ ምን አለኝ!»

«እንግዲያው ነገ ሱሪህን ቤት ትተህ ና።»

ወይዘሮ ዘይነባ ዓይናቸው እስኪያነባ ሳቁ። ቢተውም አፍሮ ሳቀ። አጠገባችን የነበሩት የፊዚክስ መምህር አቶ ላቀው ግን በቁም ነገር ያስረዱ ጀመር። ማሽኑ አጥንት እንደማያሳይ፣ ጨረሩ ከልብስ አልፎ ቆዳ ላይ ነጥሮ እንደሚመለስ፣ መጀመሪያ ላይ የሰውየውን ገላ ቅርጽ ያሳይ እንደነበረና ሰው ስለጮኸ አሁን የሥዕል ሰው ብቻ እንዲያሳይ መደረጉን ማንበባቸውን ነገሩን። «ፊት አይታይም፣ ስም አይታይም። ማን መሆንዎን የሚያውቅ የለም» አሉ።

«እኔ አውቃለኋ!» አሉ ወይዘሮ ዘይነባ።

«በእጅ ከመዳሰስ ግን ይሻላል፤ ቢያንስ የሚነካዎት የለም።»

እትዬ የሻረግ እስከዚያ ድረስ ሁሉንም ይሰሙ ነበር። «አቶ ላቀው» አሉ፣ «የሚያየው ሰው የት ነው የሚቀመጠው?»

«ሌላ ክፍል ሊሆን ይችላል፤ ማሽኑ ራሱም ሊሆን ይችላል።»

«እርሱ ያየኛል፤ እኔ አላየውም ማለት ነው?»

«እንደዚያ ነው።»

«አባቴ ቅኔ ሲያስተምሩ፣ ራቁትነትና ዕርቃን አንድ አይደለም ይሉ ነበር» አሉ እትዬ የሻረግ። «ሰው ብቻውን ሲታጠብ ራቁቱን ነው። ዕርቃኑን የሚሆነው ሌላ ሰው ሲያየው ነው።» ከዚያ ቢሮው ተከፈተና ሁላችንም ወደየሥራችን ገባን።

በቀጣዩ ዓመት እትዬ የሻረግ ኢየሩሳሌም ሊሳለሙ ተነሱ። ለዓመታት ሲያስቡት የነበረ ነው። ጉልበታቸው ስለደከመ ብቻቸውን እንዳይሄዱ እኔም አብሬ እንድሄድ ለመኑኝ፤ ከቤተ ክርስቲያን ማኅበራችን ሰዎች ጋር ተጓዝን። በመንገዳችን ሌላ አገር አውሮፕላን የምንቀይርበት ኤርፖርት ነበር። የአገሩን ስም መጥራት ለዚህ ታሪክ አይጠቅምም። ጫማችንን አውልቀን፣ ነጠላችንን ሳጥን ውስጥ አስቀምጠን ተሰለፍን። ከፊታችን ወይዘሮ ዘይነባ የነገሩን የመስታወት ቤት ቆሟል። ወለሉ ላይ ሁለት የእግር ምልክት አለ።

እኔ ቀደምኩ። እጄን አነሳሁ፤ አንድ ነገር ዞረና ውጪ ተባልኩ። እስከ ሦስት እንኳ አይቆጠርም ነበር። ዞር ስል እትዬ የሻረግ መስመሩ ላይ ቆመዋል። ጠባቂው በእጁ ይጠራቸዋል፤ አይንቀሳቀሱም። የጽዳት ልብስ የለበሰች ልጅ ነጠላችንን አይታ ኖሮ ወደ እኛ መጣች፤ የአገራችን ልጅ ነበረች።

«እናቴ፣ ምንም የለውም፤ ሁሉም ሰው ያልፋል» አለቻቸው።

«የሚያየው ማን ነው በይልኝ።»

ልጅቷ ጠባቂውን ጠየቀችው። «ኮምፒውተር ነው የሚያየው፤ ዕቃ ካለ ብቻ ምልክት ያሳያል ይላል።»

«ኮምፒውተሩን የሚያየውስ?»

ልጅቷ እንደገና ጠየቀች። ሰውየው ትከሻውን ነቀነቀ። «አያውቅም መሰለኝ» አለች።

«እንግዲያው በሰው እጅ ልፈተሽ።»

ከኋላቸው ሰልፉ ረዘመ። የጉዟችን መሪ የነበሩት ቄስ ላብ አጠመቃቸው። «እትዬ የሻረግ፣ ወደ ቅዱስ ቦታ እየሄድን ነው፤ አውሮፕላኑ ቢያመልጠን የስንቱ ሰው ስለት ይቀራል! ይግቡ እንጂ» አሉ።

«ይፍቱኝ አባ» አሉ እትዬ የሻረግ ዝቅ ብለው። «ስፈትሽ የኖርኩ ሰው ነኝ። አንድ ቀን እንኳ እንዴት እንደምፈተሽ ልምረጥ።»

በእጅ መፈተሽ ለጠየቀ ሰው ይፈቀዳል ተባለ። አንዲት ወጣት ሴት ጠባቂ መጣች፤ እኔንም አብሬያቸው እንድገባ አስፈቀዱልኝና ትንሽ ክፍል ገባን። ጠባቂዋ ጓንት አጠለቀች። ቋንቋ ስለማንግባባ በገዛ ገላዋ እያመለከተች የምትነካበትን ቦታ ሁሉ አስቀድማ አሳየቻቸው፤ ክንድ፣ ጎን፣ ከጡት ሥር፣ ወገብ፣ ጭን። እትዬ የሻረግ ራሳቸውን ነቀነቁ። ጀመረች። እጇ ቀስ ያለ ነበር። ዓይኗን ወደ ግድግዳው አድርጋለች። ከጡታቸው ሥር ስትደርስ ግን እትዬ የሻረግ እንደተቃጠለ ሰው ወደ ኋላ ሸሹ። ጀርባቸው ከግድግዳው ጋር ተላተመ። ልጅቷ ወዲያው እጇን አንስታ ቆመች። አልተቆጣችም። ሰዓቷን አላየችም። ቆማ ጠበቀች። እትዬ የሻረግ ትንፋሻቸው እስኪመለስ ቆዩና «ቀጥይ» በሚል ራሳቸውን ነቀነቁ። ስትጨርስ በወረቀት ኩባያ ውኃ አመጣችላቸው።

አውሮፕላኑ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጥን።

«ልጅቷ አጠፋች?» አልኳቸው።

«ምን ታጠፋለች?» አሉ። «እኔ በብቸናም በሞጣም የሠራሁትን ከእኔ አሳምራ ሠራችው። ገላዬ ነው አልሰማ ያለኝ።» መስኮቱን እያዩ ቀጠሉ። «ስንዱ፣ እነዚያ ሁሉ ሴቶች እንዲህ ሲሆኑ ነበር ማለት ነው። እኔ ይቅርታ ካልኩ፣ እጄ ከሞቀ፣ ይበቃል ብዬ ነበር። እርሷ ቆማ ጠበቀችኝ። እኔ ማንን ጠብቄ አውቃለሁ?»

«የታንጉትን ጊዜ...» ብዬ ጀመርኩ።

«ታንጉትን አልጠበቅኋትም፤ ተውኳት። መተውና መጠበቅ አንድ አይደለም።»

ስንመለስ በዚያው ኤርፖርት አለፍን። እትዬ የሻረግ ሳይጠየቁ የመስታወቱ ቤት ውስጥ ገቡ። የእግር ምልክቱ ላይ ቆሙ፤ ዓይናቸውን ጨፍነው እጃቸውን አነሱ። ከወጡ በኋላ እንዴት እንደነበረ ጠየቅኋቸው።

«ምንም አልነካኝም» አሉ። «ግን ማንን ይቅር እንደምል አላውቅም፤ ሰው አላየሁም።»

«የቱ ይሻላል ታዲያ?»

«አላውቅም ልጄ። ለዘይነባ አንዱ ይሻላት ይሆናል፤ ለእኔ ሌላው። እንደ ዛሬ ሲደክመኝ ደግሞ የትኛውም አይሻለኝም። ብቻ ማንም ሰው እኔን ጠይቆኝ አያውቅም፤ እኔም ማንንም ጠይቄ አላውቅም።»

ሞጣ ስንደርስ ሰው እንኳን አደረሳችሁ ሊል መጣ። ስለ ጎልጎታ ይጠይቁንና ወዲያው ወደ ማሽኑ ይዞራሉ። ቢተው እንደዚያ ዓይነት ማሽን ለእኛም ቢመጣ ብሎ ተመኘ። ወይዘሮ ዘይነባ፣ «አየሽው አይደል?» እያሉ የእትዬ የሻረግን እጅ ያዙ። እትዬ የሻረግ ከማንም ጋር አልተከራከሩም።

ሰኞ ሥራ ስንጀምር ግን አንድ ነገር ለወጡ። ሴትየዋ ስትገባ እጃቸውን ያሹና የሚነኩበትን ቦታ አንድ በአንድ ይነግሯታል። ከዚያ፣ «ዝግጁ ስትሆኚ ንገሪኝ» ብለው ይቆማሉ። እስክትናገር ድረስ አይነኳትም። መጀመሪያ ሴቶቹ ግራ ገባቸው። አንዳንዷ ትስቃለች። አንዷ፣ «ጸሎት እያደረሱ ነው እንዴ? ፈትሸውኝ ልሂድ!» ብላ ተቆጣች። ሌላዋ ምንም ሳትናገር ለረጅም ጊዜ አለቀሰች፤ እትዬ የሻረግ ቆመው ጠበቋት። አንዲት ልጅ እግር ደግሞ፣ «ዝግጁ አይደለሁም» ብላ ወጣችና ከሰዓት በኋላ እኅቷን አስከትላ ተመልሳ መጣች። እንዲህም ሆኖ ሳይፈተሽ የገባ አንድም ሰው የለም።

ሰልፉ ረዘመ። ኃላፊው መጥተው፣ «ወይዘሮ የሻረግ፣ ባለጉዳይ ፀሐይ ላይ ቆሞ እየዋለ ነው» አሉ።

«ጌታዬ፣ ሁለተኛ ክፍል ይሥሩልን፤ ስንዱ ትግባበት» አሉ።

ክፍሉ አልተሠራም። እትዬ የሻረግም አሠራራቸውን አልተዉም። ግን ይህም ቢሆን አላሳረፋቸውም። አንዳንድ ቀን ሥራ ስንጨርስ፣ «አሁን እንኳ ስንቷ ናት እንቢ ማለት እንደምትችል የገባት? ፈርታ ነው እሺ የምትለኝ» ይሉኝ ነበር። ጉልበታቸው ጨርሶ እንቢ ሲላቸው ጡረታቸው ደረሰና ወጡ። አሸኛኘት አድርጉልኝ አላሉም፤ እኛም አላደረግንላቸውም። እስካሁን ይቆጨኛል።

ከወጡ ስምንት ወር ገደማ ሆኗቸው ነበር። ጎረቤታቸው በአጥር ድንበር ተከራክራ እርሳቸውን ለምስክርነት ቆጥራቸው ኖሮ፣ አንድ ጠዋት ሰልፉ ውስጥ ምርኩዝ ይዘው ቆመው አየኋቸው። ተራቸው እስኪደርስ ማንም አላስቀደማቸውም፤ እርሳቸውም አልጠየቁም። ክፍሉ ውስጥ ሲገቡ ከተቀመጥኩበት ዘልዬ ተነሳሁ።

«እትዬ! ምን ሆነው ነው የተሰለፉት? ይለፉ፣ ይለፉ እንጂ።»

«አላልፍም» አሉ። ምርኩዛቸውን ግድግዳው ላይ አቆሙ። ነጠላቸውን አውርደው አግዳሚው ላይ አስቀመጡ። ከዚያ ሁለት እጃቸውን ቀስ ብለው ከጎናቸው ዘረጉ። ቆዳቸው ሳስቶ የደም ሥራቸው ይታያል። ከበሩ ውጭ የተሰለፉት ሴቶች ሲያወሩ ይሰማል።

ምን እንደማደርግ ጠፋኝ። ያን ያህል ዓመት አብረን ስንኖር በሰላምታ ካልሆነ በቀር ነክቻቸው አላውቅም። እጄን አሸሁ። የምነካበትን ቦታ አንድ በአንድ ነገርኳቸው። እርሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ።

«ዝግጁ ነዎት እትዬ?»

መልስ አልሰጡኝም። ቆሜ ጠበቅኋቸው። ውጭ አንዲት ሴት በሩን አንኳኳች፤ አልከፈትኩላትም። ከብዙ ቆይታ በኋላ እትዬ የሻረግ ዓይናቸውን ገለጡና አዩኝ።

«አይደለሁም» አሉ። «ግን ሰው ቆሟል። ጀምሪ።»